ከአጥሩ ማዶ

የግንቦት አዳማ፣ ቆርቆሮው ሲተኩስ፣
ቤት ውስጥ አያስተኛም፣ ወበቁ እስኪመለስ፤
ፍራሽ ተሸክመን ግቢ እንወጣለን፣
አጎበሩን በገመድ ከፓፓያው እናስራለን።
መብራት ኃይልም ያኔ አመል ነበረው፣
ሦስት ሰዓት ሲሞላ ድርግም ነው ሥራው።
ድርግም ሲል ሰፈሩ፣ ከፍራንኮ እስከ ገንደ ጋራ፣
ያኔ ነው የሚደርሰው የጋሽ ቢራቱ ተራ።

የምድር ባቡር ሰው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
ፋኖስ አወዛውዟል በጣቢያው ሌሊት።
አረንጓዴ ሲያሳይ ፉርጎው ይነጉዳል፣
ቀይ ካውለበለበ ጅቡቲም ይቆማል።
ባቡሩ የቀረ ዓመት ዓይኑን ሞራ ጋረደው፣
ሁለቱም ባንድ ክረምት። እሱ ግን ቀልዱን ነው፦
"ባቡር ከሌለማ ዓይን ምን ሊሠራ!"
ሰማይ ሲነሳ ብቻ ሳቁ ይቆማል።

በቆርቆሮው አጥር ከዘራው ኳ ኳ ይላል፣
"ብሌን፣ ወጡ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል።
(ስሜ ካፉ ሲወጣ፣ እንጃ ለምን እንደሆን፣
የሚጠራ ይመስለኝ ነበር የገዛ ዓይኑን።)
"ወጡ።" "ማን ማን ወጣ?" "ኧረ ብዙ ናቸው።"
"ብዙ መልስ አይሆንም፣ በየስም ጥሪያቸው።"
"መስቀሉ በወንጂ፣ ከሸንኮራው በላይ።"
"ቀጥ ብሏል?" "ዘሟል፣ ወደ ግራ፣ ሲታይ።"
"ገና ነው እንግዲያው፤ አራት ሰዓት ሲሆን
ቀጥ ይላል። ዘበኞቹስ?" "አሉ፣ ጎን ለጎን።"
"ጊንጡስ?" "በደራ መንገድ፤ ጅራቱ አልወጣም።"
"ሆዱ ላይ ፍም አለ?" "አለ።" "እሱ አይጠፋም።"

ሲነጋጋ የሚወጣውን እኛ አጥቢያ ስንለው
እሱ በከልቻ ይላል፤ እናቱ ያወረሰችው።

አንድ ማታ ግን፣ እየቆጠርኩ ሳለሁ፣
በምዕራብ፣ ከጋራው ጫፍ፣ አዲስ ነገር አየሁ፦
"ጋሽ ቢራቱ፣ ቀይ ኮከብ! አይ፣ ሁለት... አይ፣ ሰባት፣
ተሰልፈዋል!"
ዝም አለ።
"ቀይ? በዚያ ወገን?"
"ይጠፋሉ፣ ይበራሉ።" "አንድ ላይ?" "አንድ ላይ።"
"እሱ ኮከብ አይደለም፣ ምልክት ነው የኔ ልጅ።
የንፋሱ ማሽን ነው፤ ተተከለ ሲሉ ሰምቻለሁ።
ቀይ ካበሩበትማ" አለና ሳቀ፣
"ንፋሱም ሊቆም ነው።"

ደግሞ አንድ ማታ፣ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ።
ያን ቀን ሐኪም ቤት ውሎ ነበር፤
"ዘግይተሃል" ብለውት መመለሱን
እናቴ በሹክሹክታ ስታወራ ሰምቻለሁ።
ከዘራው ኳ ኳ አለ። "ብሌን፣ ወጡ?"
"ወጡ" አልኩ።
መስቀሉን ዋሸሁ፤ ጊንጡንም ዋሸሁ፣ እስከ ጅራቱ፣
የሌለ ኮከብ ሁሉ አበራሁ ለጋሽ ቢራቱ፣
አንዱን ከስታዲየሙ በላይ፣ አንዱን ከውሃ ታንከራችን፣
አንዱን፣ ትልቁን፣ እዚሁ ከመሐላችን።
አላቋረጠኝም። ጨርሼ ዝም ስል፣
"ጥሩ ሰማይ ነው" አለ።
"በይ አሁን ፍራሹን አስገቡ፣
ዝናብ እየሸተተኝ ነው።"

መብራት ሲመለስ ሰፈሩ ባንድ አፍ ይጮሃል፦ "መጣ!"
ሕፃን ሽማግሌው፣ የተኛም፣ ከሽንት ቤት የወጣ።
እኔም እጮሃለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ።
ከአጥሩ ማዶ ግን፣ ቀስ ብሎ፣ ለብቻው፣
"ሄዱ" ይላል ጋሽ ቢራቱ።

ዘንድሮ በግንቦት መጣሁ፣ ለሦስት ቀን ፈቃድ።
ፓፓያው ተቆርጧል። አጥሩ ብሎኬት ሆኗል፤
ብሎኬት ኳ አይልም።
የማዶው ቤት ተሸጧል፤ ባለ ፎቅ ነው፣ በረንዳው ላይ
የማላውቃቸው ልጆች ልብስ ተሰጥቷል።
ማታ መብራት ጠፋ። ወጣሁ።
መስቀሉ በወንጂ በኩል፣ ትንሽ ዘሟል፤
ዘበኞቹ አሉ፤ ፍሙ አልጠፋም፤
ከጋራው ጫፍ ቀዮቹ ተሰልፈው
ይጠፋሉ፣ ይበራሉ።
ጮክ ብዬ ጠራኋቸው፣ በየስማቸው፣
ለብሎኬቱ።

ከዚያ ሰፈሩ ጮኸ፦ "መጣ!"
አምፖሉ ዓይኔን ወጋኝ። ጥቂት ጠበቅኩ፣
የሚለው ሰው ቢኖር።
"ሄዱ" አልኩ።
"እነማን?" አለች እናቴ፣ ከውስጥ።